አንድ ስም፣ ሁለት ክላስ፦ በሐዋሳ የአንድ የብድር ሶፍትዌር ሶርስ ፎልደሮች እንዴት መልክ ያዙ

ጉዳዩ

ሐዋሳ ያለ አንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ብድር የሚያስተዳድርበት የጃቫ ሶፍትዌር አለው። ማኅበሩ የወለድ አሰላሉን ቀየረ፤ ሶፍትዌሩን የሚሠሩት ልጆችም ኮዱን አስተካክለው አዲሱን ጃር ፋይል (የጃቫ ፕሮግራም የሚታሸግበት ጥቅል) ለዋናው መሥሪያ ቤትና ይርጋዓለም ላለው ቅርንጫፍ ሰጡ። ዋናው መሥሪያ ቤት በአዲሱ ስሌት መሥራት ጀመረ። ቅርንጫፉ ግን በአሮጌው ቀጠለ። ሁለቱ ጋ የተጫነው ፋይል ግን አንድ ነው፤ በባይት ሳይቀር ተመሳክሯል።

ኮዱ ትክክል ነበር። የተበላሸው ኮዱ የተቀመጠባቸው ፎልደሮች (ሶርስ ፎልደሮች) አደረጃጀትና ከእነሱ ጃር የሚወጣበት መንገድ ነው። ተመሳሳይ ፕሮጀክት የያዘ ቡድን ብዙ ስለሆነ የተደረገው ሁሉ፣ የከሸፈውም ጭምር፣ እዚህ ተመዝግቧል። የፎልደርና የትእዛዝ ስሞች የተጻፉት በአነባበባቸው ነው፤ ኮምፒውተር ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደል ይጻፋሉ።

ዳራ

ቡድኑ አራት ፕሮግራመሮች አሉት፤ ቢሮው ፒያሳ አካባቢ ነው። ሶፍትዌሩ በጃቫ 8 የተጻፈ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ሲሆን ስክሪኖቹ በስዊንግ፣ ዳታቤዙ በማይኤስኪውኤል፣ ደረሰኝና ሪፖርቱ በጃስፐር ሪፖርትስ ተሠርተዋል። የሚጻፈው ኢክሊፕስ በሚባል የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። ስድስት ዓመት የኖረና ሦስት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ ፕሮጀክት ስለሆነ ሁሉም የራሱን ፎልደር ጨምሮበት ሄዷል።

ፕሮጀክቱ ሲከፈት የሚታየው ይህ ነበር። «ኤስአርሲ» የመጀመሪያው ኮድ ነው። «ኤስአርሲ2»ን የብድር ክፍሉን የጻፈው ሰው «ነባሩን ላለመንካት» ብሎ ከፈተው። «ኒው»ን ማን እንደከፈተው የሚያስታውስ የለም። «ሪፖርት» ውስጥ የጃቫ ፋይሎችና የጃስፐር ንድፎች ተደባልቀዋል። «ቴስት» ውስጥ ከእውነተኛ የጄዩኒት ቴስቶች (ኮድን የሚፈትሽ ኮድ) ጎን ለጎን ለአንድ ቀን ሙከራ የተጻፉና እዚያው የቀሩ ክላሶች (ክላስ የጃቫ ኮድ የሚጻፍበት አሃድ ነው) አሉ። በ«ኤስአርሲ» ሆድ ውስጥ ደግሞ «ባካፕ» አለ። ይህ ኮምፓይል እንዳይደረግ (ጃቫ ወደሚያስኬደው መልክ እንዳይቀየር) በኤክስክሉድ ደንብ ተዘግቷል፤ በፍለጋ ግን ይወጣል፤ ሰውም በስህተት ከፍቶት ያርመዋል። የሁሉም ውጤት የሚገባው አንድ «ቢን» ውስጥ ሲሆን «ቢን» ራሱ ጊት (የኮድ ለውጥ ታሪክ የሚይዝ ፕሮግራም) ውስጥ ነበር። ላይብረሪዎች (ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸው ዝግጁ የኮድ ጥቅሎች) የሚቀመጡበት «ሊብ» 31 ጃር ይዟል።

ችግሩ የታየበት መንገድ

ቀድሞ ማኅበሩ ወለድ የሚያስበው በመጀመሪያው ብድር ላይ ነበር። አዲሱ ደንብ በቀሪ ዕዳ ላይ እንዲታሰብ አደረገ። 60,000 ብር በዓመት 15 በመቶ፣ በ12 ወር የሚከፈል ብድር እንውሰድ። በአሮጌው ስሌት የዓመቱ ወለድ 9,000 ብር ነው። በአዲሱ፣ በየወሩ 5,000 ብር ዋና ገንዘብ ከተመለሰ፣ ጠቅላላ ወለዱ 4,875 ብር ይሆናል።

ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ ማንም ቶሎ አላየውም። የመጀመሪያው ወር ወለድ በሁለቱም ስሌት 750 ብር ነውና፣ ክፍያውም በሁለቱም 5,750 ይመጣል። ቡድኑ ርክክብ ላይ የሞከረው አንድ ብድር ከፍቶ የመጀመሪያውን ክፍያ በማየት ስለነበር ሙከራው ሁለቱም ቦታ አለፈ። ልዩነቱ የሚጀምረው ከሁለተኛው ወር ነው፤ በአዲሱ 5,687 ብር ከ50 ሳንቲም፣ በአሮጌው ያው 5,750። የ62 ብር ከ50ዋን ልዩነት ያገኘችው ይርጋዓለም ያለች አንዲት ተበዳሪ ናት፤ ከሐዋሳ የተበደረ ዘመዷን ደረሰኝ ከራሷ ጋር አስተያይታ። የቅርንጫፉ ሒሳብ ሠራተኛ ወዲያው ለቡድኑ ደወሉ፦ «ልጄ፣ አስተካክለነዋል ብላችሁን አልነበር? እኛ ጋ ምንም የተስተካከለ የለም።»

መንስኤው ፍለጋ

መጀመሪያ የተጠረጠረው ዳታቤዙ ነበር፤ የወለድ ዓይነት የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ ሲታይ ግን ደህና ነው። ቀጥሎ «አዲሱ ጃር አልገባም» ተባለና በፍላሽ ሁለት ጊዜ ተወስዶ ተተካ። ለውጥ የለም። ከዚያ አዲሱ የብድር ስሌት ክላስ መጀመሪያ ላይ አንዲት የማተሚያ መስመር ተጨመረች። ሐዋሳ ታተመች፤ ይርጋዓለም አልታተመችም። እዚህ ላይ ነው ቅርንጫፉ የሚያስኬደው ሌላ ክላስ መሆኑ የተረጋገጠው።

የት እንዳለ ያሳየው ፕሮግራሙን «-ቨርቦዝ፡ክላስ» በሚለው አማራጭ ማስነሳት ነው። ጃቫ 8 በዚህ አማራጭ እያንዳንዱን ክላስ ከየትኛው ፋይል እንደጫነ ይጽፋል፤ ከጃቫ 9 ወዲህ ይኸው ሥራ በ«-ኤክስሎግ፡ክላስ+ሎድ» ይከናወናል። ውጤቱ በሺዎች የሚቆጠር መስመር ስለሆነ ወደ ፋይል ተገልብጦ የክላሱ ስም ተፈለገ። መስመሩ የብድር ስሌቱ ክላስ የተጫነው «ሊብ» ውስጥ ካለ «ኦልድኮር» ከሚባል ጃር መሆኑን ተናገረ።

«ኦልድኮር» ታሪክ አለው። ከሁለት ዓመት በፊት ከቀድሞዎቹ ፕሮግራመሮች አንዱ፣ አንድ ክላስ ሁለት ሶርስ ፎልደር ውስጥ በመኖሩ ኢክሊፕስ «ይህ ታይፕ ቀድሞ ተሰይሟል» የሚለውን ስህተት ሲያወጣበት፣ አሮጌውን ፎልደር ከቢልድ ፓዝ (ኢክሊፕስ ኮምፓይል ሲያደርግ ከሚያያቸው ፎልደሮችና ጃሮች ዝርዝር) አወጣው። የሚያስፈልጉ ክላሶች አብረው ስለጠፉ ደግሞ አሮጌውን ፎልደር በሙሉ ጃር አድርጎ «ሊብ» ውስጥ ከተተው። የስህተቱ ቀይ ምልክት ጠፋ። ጃሩ ውስጥ ግን የብድር ስሌቱ ክላስ በዚያው ፓኬጅ (ክላሶች የሚመደቡበት የቡድን ስም)፣ በዚያው ስም ቀረ።

ኢክሊፕስ ለምን አልተናገረም? አንድ ስም ያላቸው ሁለት ክላሶች በሁለት ሶርስ ፎልደር ሲኖሩ ስህተት ነው ይላል። አንዱ ሶርስ ውስጥ፣ ሌላው ጃር ውስጥ ከሆኑ ግን ሶርሱን መርጦ ዝም ይላል። ሲያስኬድም የፕሮጀክቱን የራሱን ውጤት ከጃሮቹ ያስቀድማል። ስለዚህ በፕሮግራመሮቹ ኮምፒውተር ሁልጊዜ የሚሠራው አዲሱ ነበር።

ደንበኛው ጋ ግን ማስነሻ ስክሪፕቱ ክላስ ፓዙን (ጃቫ ክላስ የሚፈልግባቸውን ቦታዎች ዝርዝር) «ሊብ/*» ብሎ ነው የሚሰጠው፤ የፕሮግራሙ ጃርም፣ ስሙ «ብድር»፣ እዚያው «ሊብ» ውስጥ ይቀመጣል። ጃቫ አንድን ክላስ ሲፈልግ ክላስ ፓዙ ላይ መጀመሪያ ያገኘውን ይወስዳል። በኮከብ ምልክት ሲሰጥ ግን የጃሮቹ ቅደም ተከተል አልተወሰነም፤ የጃቫ ሰነድ ራሱ ከሲስተም ሲስተም ሊለያይ እንደሚችል ይገልጻል። የሐዋሳው ማሽን ዊንዶውስ ነው፤ የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም ዝርዝሩን ብዙውን ጊዜ በላቲን ፊደል ተራ ስለሚሰጥ በ«ቢ» የሚጀምረው «ብድር» በ«ኦ» የሚጀምረውን «ኦልድኮር» ቀደመው። የቅርንጫፉ ማሽን ቫይረስ አስቸግሮ ኡቡንቱ የተጫነበት ነው፤ የኡቡንቱ ኢኤክስቲ4 ፋይል ሲስተም ደግሞ ዝርዝሩን በፊደል ተራ አይሰጥም። እዚያ «ኦልድኮር» ቀደመ። ዋናው መሥሪያ ቤት ትክክል የሠራው፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዕድል ነው።

ጊዜያዊ መፍትሔ

«ኦልድኮር»ን አውጥቶ መጣል የመጀመሪያው ሐሳብ ነበር። ተሞከረ፤ ፕሮግራሙ ደህና ተከፈተ፣ ብድሩም በትክክል ታሰበ። ከሰዓት በኋላ ግን የአባላት ሪፖርት ስክሪን ሲነካ «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ» የሚል ስህተት አውጥቶ ቆመ። ጃቫ ክላስ የሚጭነው በተፈለገ ሰዓት ስለሆነ የጎደለው ነገር ሲከፈት ሳይሆን ሲነካ ነው የሚታወቀው። ጃሩ ኢክሊፕስ ውስጥ ከቢልድ ፓዝ ሲወጣ ደግሞ የጎደለው በሙሉ በቀይ ተዘረዘረ፤ ከዚያ ጃር ብቻ የሚገኙና አሁንም የሚሠራባቸው 14 ክላሶች ናቸው። ጃር ማለት ዚፕ ፋይል ስለሆነ በዚፕ ፕሮግራም ተከፍቶ የብድር ስሌቱ ክላስ ብቻ ተሰረዘና ጃሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ማኅበሩ በዚህ ሥራውን ሲቀጥል ቡድኑ ፎልደሮቹን ለማስተካከል ተነሣ።

የመጀመሪያው ሙከራ

በአንድ ቅዳሜ ሁሉም ነገር ሊያልቅ ታሰበ። ፎልደሮቹ ፓኬጅ ኤክስፕሎረር ላይ በማውስ እየተጎተቱ ማቨን (ኮዱን ኮምፓይል አድርጎ የሚያሽግና ላይብረሪ የሚያወርድ መሣሪያ) የሚጠብቀውን መልክ ያዙ፤ ፕሮጀክቱ «ኮንቨርት ቱ ማቨን» ተባለ፤ ፋይል ሲቀመጥ ኮዱን ራሱ የሚያሰልፈው ፎርማተርም እንደበራ ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ ኮሚት (ጊት ላይ በአንዴ የሚመዘገብ ለውጥ) ገባ። ሰኞ ጠዋት ቡድኑ ወደ አርብ ተመለሰ። የከሸፈበት ምክንያት አራት ነው፤ አራቱም ሊታወቁ የሚገባቸው ናቸው።

አንደኛው፣ ሪፖርቶቹ ጠፉ። ኢክሊፕስ ብቻውን ሲሠራ ሶርስ ፎልደር ውስጥ ያለ ጃቫ ያልሆነ ፋይል ሁሉ፣ ሥዕልም ሆነ ኤክስኤምኤል፣ ወደ ውጤቱ ፎልደር ይገለበጣል። ማቨን ግን ከ«ኤስአርሲ/ሜን/ጃቫ» ኮምፓይል የሚያደርገው የጃቫ ፋይሎችን ብቻ ነው፤ የቀረው «ኤስአርሲ/ሜን/ሪሶርስስ» ውስጥ ካልተቀመጠ ጃሩ ውስጥ አይገባም። የጃስፐር ንድፎቹ ከክላሶቹ ጎን ስለቀሩ ሪፖርት በተከፈተ ቁጥር ኮዱ ባዶ እያገኘ ወደቀ።

ሁለተኛው፣ አማርኛው ተበላሸ። የስክሪኑ አዝራሮች ላይ ያለው አማርኛ ጃቫ ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈ ነው፤ ፋይሎቹም በዩቲኤፍ-8 ኢንኮዲንግ (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ደንብ) የተቀመጡ ናቸው። ኢክሊፕስ ይህን በፕሮጀክቱ ማስተካከያ ያውቃል። ማቨን ግን ካልተነገረው የኮምፒውተሩን ነባር ኢንኮዲንግ ይወስዳል፤ ዊንዶውስ ላይ ይህ ሲፒ1252 ነበር። የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። በሲፒ1252 ሲነበብ አንዱ ፊደል ሦስት የላቲን ምልክት ይሆናል፤ የመጀመሪያውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ጭረት ያለበት የላቲን ትንሹ «ኤ»። «ክፈል» የሚለው አዝራር ላይ ይህ ምልክት ሦስት ጊዜ እየተደጋገመ ከታየ ፎንት ማሳደድ ዋጋ የለውም፤ ችግሩ ኢንኮዲንግ ነው። ማቨን «ቢልዱ በፕላትፎርሙ ላይ የተመሠረተ ነው» ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፤ ቢጫውን መስመር ግን ማንም አላነበበውም።

ሦስተኛው፣ የጊት ታሪክ ተቆረጠ። ጊት የፋይል ዝውውርን ለብቻው አይመዘግብም፤ የጠፋውንና የተጨመረውን ፋይል አስተያይቶ ከግማሽ በላይ ከተመሳሰሉ «ተዛውሯል» ይላል። ፎርማተሩ እያንዳንዱን መስመር ስለነካካ ብዙ ፋይሎች ከዚያ በታች ወረዱ። በራሱ ብራንች (ከዋናው የተለየ የሥራ መስመር) ላይ ይሠራ የነበረው ፕሮግራመር ለውጡን ሊያዋህድ ሲል የጠፋ ፋይል ላይ የተሠራ ለውጥ ሆኖ አገኘው።

አራተኛው ኢንተርኔት ነው። ማቨን ላይብረሪዎቹን ሊያወርድ ሲል የተጠቀሙት የሞባይል ዳታ መሀል ላይ ተቋረጠ። ማቨን ያልወረደውን «አልተገኘም» ብሎ መዝግቦ ይይዛል፤ ኢንተርኔት ሲመለስም ጊዜው ካልደረሰ ደግሞ አይሞክርም። «-ዩ» የሚለውን አማራጭ በትልቁ ፊደል ጨምሮ ማስገደድ ያስፈልጋል። ይህ ስላልታወቀ ግማሽ ቀን ፖም ፋይሉ (የማቨን መመሪያ የሚጻፍበት) ሲመረመር አለፈ።

ሁለተኛው ዙር

ሁለተኛው ዙር ዘጠኝ የሥራ ቀን ወሰደ፤ በመሀልም የደንበኛ ሥራ አልቆመም። የተከተሉት መርሕ አንድ ኮሚት አንድ ዓይነት ነገር ብቻ እንዲያደርግ ነው። የሚያዛውር ኮሚት ከፓኬጅና ኢምፖርት መስመር በቀር ምንም አይቀይርም፤ የሚያርም ኮሚት አያዛውርም።

ቆጠራ። ማንም ምንም ሳያንቀሳቅስ «ዶት ክላስፓዝ» ፋይሉ በጽሑፍ ማረሚያ ተከፈተ። ኢክሊፕስ የትኛው ፎልደር ሶርስ እንደሆነ፣ ውጤቱ የት እንደሚገባ፣ ምን እንደተዘለለ የሚጽፈው እዚያ ነው፤ በማውስ ከሚታየው ዝርዝር ይልቅ ይህ ፋይል እውነቱን ይናገራል። እዚያው ላይ አንድ ጃር ከ«ሊብ» ሳይሆን ከአንድ ፕሮግራመር ዴስክቶፕ፣ በሙሉ አድራሻ፣ እንደተጠራ ተገኘ። በሌሎቹ ማሽኖች «አንዳንዴ አይሠራም» እየተባለ የኖረው ነገር ምክንያቱ ይህ ነበር። ከዚያ የሁሉም ፎልደርና የ«ኦልድኮር» ክላሶች ከነፓኬጃቸው ተዘርዝረው ተደረደሩና ሁለት ጊዜ የመጡት ተለዩ። ዘጠኝ ተገኙ። ስድስቱ ቁርጥ አንድ ናቸው፤ ሁለቱ በክፍት ቦታ ብቻ ይለያያሉ፤ በእውነት የሚለየው የብድር ስሌቱ ብቻ ነው።

ጽዳት። ፎርማተሩና ኢምፖርት የሚያስተካክለው ራስ-ሰር ሥራ በአራቱም ማሽን ጠፋ። የነበረበት ሁኔታ በጊት ታግ (ወደዚያ ሁኔታ መመለሻ ምልክት) ተያዘ። «ቢን» በ«ጊት አርኤም» ከ«ካሽድ» አማራጭ ጋር ከጊት ወጣ፤ ይህ ፋይሉን ከዲስክ አያጠፋም። «ጊትኢግኖር» ላይም ተጻፈ። «ባካፕ» ተሰረዘ። «ቢጠፋስ?» ላለው ሰው ታጉ ተከፍቶ ታየው።

«ኦልድኮር»ን መሸኘት። ከ14ቱ ክላሶች የ12ቱ ምንጭ ከጊት የድሮ ኮሚቶች ወጣ። የሁለቱ የትም አልተገኘም። ትንንሽ ስለነበሩ እንደገና ተጻፉና ውጤታቸው ከአሮጌዎቹ ጋር በቴስት ተነጻጸረ። ከዚያ በኋላ ነው ጃሩ የተሰናበተው።

ፎልደሮቹን ማበጀት። ይህ የተሠራው ማቨን ሳይገባ፣ በኢክሊፕስ ብቻ ነው፤ ሁለት አዲስ ነገር በአንዴ እንዳይደራረብ። አራት ሶርስ ፎልደር ተከፈተ፦ «ኤስአርሲ/ሜን/ጃቫ»፣ «ኤስአርሲ/ሜን/ሪሶርስስ»፣ «ኤስአርሲ/ቴስት/ጃቫ» እና «ኤስአርሲ/ቴስት/ሪሶርስስ»። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሰናከልባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ።

የመጀመሪያው ቅደም ተከተሉ ነው። «ኤስአርሲ» ራሱ ሶርስ ፎልደር ሆኖ ሳለ «ኤስአርሲ/ሜን/ጃቫ»ን መጨመር ከተሞከረ ኢክሊፕስ አንዱን በሌላው ውስጥ ማስገባት አይቻልም ብሎ ይመልሳል። ወላጁ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ቢልድ ፓዝ፣ «ሪሙቭ ፍሮም ቢልድ ፓዝ»፤ ቀጥሎ ልጁ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ቢልድ ፓዝ፣ «ዩዝ አዝ ሶርስ ፎልደር»። የመጀመሪያው ትእዛዝ ፎልደሩን አይሰርዝም፤ ሶርስነቱን ብቻ ይገፈዋል።

ሁለተኛው የከፋ ነው። ሶርስ ፎልደር ተራ ፎልደር አይደለም፤ የፓኬጅ ስም የሚጀምረው ከእሱ ሥር ነው። ሥሩ አንድ ሁለት ደረጃ ከፍ ብሎ «ኤስአርሲ» ላይ ከተተከለ ኢክሊፕስ የክላሱ ፓኬጅ «ሜን.ጃቫ» ብሎ እንዲጀምር ይጠብቃል፤ «የተጻፈው ፓኬጅ ከሚጠበቀው ጋር አይገጥምም» የሚል ቀይ በየፋይሉ ይፈላል። የመፍትሔ አማራጭ ሲጠየቅ ከሚያቀርባቸው አንዱ የፓኬጁን መስመር መቀየር ነው። ከፕሮግራመሮቹ አንዱ ይህን ተቀብሎ 20 ያህል ፋይል ላይ «ሜን.ጃቫ» ካስገባ በኋላ ነው ጓደኛው ያየው፦ «አንተ፣ ፋይሉን ተወው! ሥሩ ነው የተሳሳተው።» ኮሚት ስላልተደረገ በአንድ ትእዛዝ ተመለሰ። ቀዩ በሁሉም ፋይል በአንዴ ከመጣ ስህተቱ የፋይሎቹ ሊሆን አይችልም።

የቴስት ፎልደሮቹ ንብረት ውስጥ «ኮንቴይንስ ቴስት ሶርስስ» የሚለው «የስ» ተደረገና የራሳቸው ውጤት ፎልደር ተሰጣቸው። ይህ አማራጭ ከ2018ቱ ኢክሊፕስ ፎቶን ጀምሮ አለ። ከበራ በኋላ ዋናው ኮድ የቴስት ኮድን ማየት አይችልም። እንደበራ ሦስት ዋና ክላሶች ቀይ ሆኑ፤ «ቴስት» ውስጥ የተቀመጠ ቀን ቀያሪ ክላስ እየተጠቀሙ ኖረዋል። ክላሱ ወደ ዋናው ተዛወረ። «ቴስት» ውስጥ የነበሩት የአንድ ቀን ሙከራዎች ግን ተሰረዙ፤ ከእነሱ አንዱ የእውነተኛውን ዳታቤዝ የይለፍ ቃል በግልጽ ይዞ ነበር። የይለፍ ቃሉም ተቀየረ፤ ከጊት ታሪክ ውስጥ ፋይል መሰረዝ ብቻ አያወጣውምና።

ሪሶርስ። የጃስፐር ንድፎች፣ ሥዕሎችና የመልእክት ፋይሎች የነበሩበትን የፓኬጅ መንገድ እንደያዙ ወደ «ሪሶርስስ» ሄዱ፤ ስለዚህ የሚጠራቸው ኮድ አንድ መስመር አልተነካም። አንድ ሥዕል ብቻ አስቸገረ። ኮዱ ውስጥ «ሎጎ» በትንሹ ፊደል ተጽፏል፤ የፋይሉ ስም ግን በትልቁ ይጀምራል። ዊንዶውስ ዲስክ ላይ ይህ ልዩነት አይታይም፤ ጃር ውስጥ ሲገባ ግን ዊንዶውስ ላይም ቢሆን ትልቁና ትንሹ ፊደል ይለያያል።

የፓኬጅ ስም ላይም ተመሳሳይ ነገር ነበር፤ አንዱ ፓኬጅ «ሞዴል»ን በትልቁ ፊደል ጽፎታል። ዊንዶውስ ላይ በጊት ስሙን በቀጥታ ወደ ትንሹ መቀየር ስለሚያደናግር በሁለት እርምጃ ተሠራ፦ መጀመሪያ ወደ ጊዜያዊ ስም፣ ከዚያ ወደ ትክክለኛው።

ማቨን። መጨረሻ ላይ ገባ፤ ፎልደሮቹ ቀድመው የማቨንን መልክ ስለያዙ ፖም ፋይሉ አጭር ነው። ገና ሲጻፍ «ፕሮጀክት.ቢልድ.ሶርስኢንኮዲንግ» ዩቲኤፍ-8 ተባለ። የላይብረሪዎቹን የማውረድ ጣጣ ለመቀነስ ኢንተርኔቱ ደህና በነበረበት ጠዋት አንድ ማሽን ላይ «ዲፔንደንሲ፡ጎ-ኦፍላይን» ተካሄደ፤ «ኤም2» ፎልደር ውስጥ የወረደው ማከማቻ በፍላሽ ለሦስቱ ተገለበጠ። ከዚያ ማቨንን በ«-ኦ» አማራጭ ያለ ኢንተርኔት ማስኬድ ይቻላል። «ዶት ክላስፓዝ» ከዚህ በኋላ ከጊት ወጣ፤ ኢክሊፕስ ከፖም ፋይሉ ራሱ ያዘጋጀዋል። ማቨን የሌለው ፕሮጀክት ግን ይህን ፋይል ጊት ውስጥ ሊተወው ይገባል፤ ካልሆነ እያንዳንዱ ሰው የየራሱን አደረጃጀት ይፈጥራል።

ማስነሻው። ስክሪፕቱ ኮከቡን ተወ። የፕሮግራሙ ጃር ከ«ሊብ» ወጥቶ ለብቻው ተቀመጠ፤ የላይብረሪዎቹ ስም ዝርዝር በማቨን አማካይነት ማኒፌስት ፋይሉ (ጃሩ ውስጥ ያለ መግለጫ) ውስጥ በቅደም ተከተል ተጻፈ። ከመላኩ በፊት የሚሮጥ አጭር ስክሪፕትም ተጨመረ፤ የሁሉንም ጃር ይዘት በ«ጃር ቲኤፍ» ዘርዝሮ በቡድኑ ፓኬጅ ስም የሚጀምሩትን ብቻ ያጣራል፤ አንድ ክላስ ሁለት ጊዜ ከመጣ ማሸጉን ያቆማል። ሳይጣራ ከተሮጠ ከውጭ ላይብረሪዎች የሚመጡ ምንም የማይጎዱ ድግግሞሾች ዝርዝሩን ይሞሉትና ማንም አያነበውም።

ያልሠራው

ቡድኑ ኮዱን «ኮር»፣ «ስክሪን» እና «ሪፖርት» ብሎ በሦስት የማቨን ሞጁል (ለየብቻ የሚታሸግ ክፍል) ሊከፍለው ሞክሮ ነበር። ስክሪኑ ሪፖርቱን ይጠራል፤ ሪፖርቱ ደግሞ የስክሪን ክላስ ይጠራል። ማቨን እንዲህ ዓይነት ክብ ጥገኝነት አይቀበልም። ሁለት ቀን ከተሞከረ በኋላ ተተወ። ለአራት ሰው አንድ ሞጁል በቂ ነው፤ በፎልደር መከፋፈል የኮድ መጠላለፍን አይፈታም፣ ያጋልጠዋል እንጂ።

ከአራቱ አንዱ በኢክሊፕስ ፋንታ ኢንተሊጄ የሚባለውን የኮድ መጻፊያ ይጠቀማል። ፖም ፋይሉን በቀጥታ ሲከፍት ዋናው ፎልደር በሰማያዊ፣ ቴስቱ በአረንጓዴ ራሱ ተለየለት። ቀድሞ በእጁ ምልክት ያደርግ ስለነበር በሁለቱ ፕሮግራሞች መካከል የሚፈጠረው ንትርክ ቀረ። ለዚህ ብሎ ማንም አልሠራም፤ በአጋጣሚ የመጣ ጥቅም ነው።

ወደ ሌላ ፕሮጀክት የሚሻገሩ ነጥቦች

በአንድ ፕሮጀክት ስንት ሶርስ ፎልደር ይኑር ለሚለው ይህ ቡድን አሁን የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው፦ ይህ ፋይል ለደንበኛው ይሄዳል ወይስ አይሄድም? ኮምፓይል ይደረጋል ወይስ እንዳለ ይገለበጣል? ከሁለቱ ጥያቄዎች መልስ አራት ፎልደር ይወጣል። አምስተኛ የጠየቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የፈለገው ፓኬጅ ወይም የጊት ብራንች ነው። «ኤስአርሲ2»ን የከፈተው ሰው የፈለገው ብራንች ነበር።

ቀይ ምልክት ማጥፋትና ችግር መፍታት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ቀድሞ ተሰይሟል» የሚለው ስህተት ከሁለት ዓመት በፊት ትክክለኛውን ነገር ተናግሮ ነበር፤ ኮዱ ወደ ጃር ሲገባ ስህተቱ ከኮምፓይለሩ ዓይን ወጣ እንጂ አልጠፋም። የራስን ኮድ ጃር አድርጎ ወደ ራስ «ሊብ» መመለስ በዚህ ምክንያት አደገኛ ነው።

የወለድ ስሌት ርክክብ ከመጀመሪያው ወር አይፈተንም። አሁን ቴስቱ ውስጥ የ60,000 ብሩ ብድር 12ቱም ወር አለ፤ የመጨረሻው ወር ወለድ 62 ብር ከ50 ሳንቲም መሆኑን ያረጋግጣል።

ከአማርኛ ጋር የተያያዘው ነጥብ በሁለት ይከፈላል፤ ሰዎች ያቀላቅሏቸዋል። የጃቫ ኮድ ፋይል በዩቲኤፍ-8 ተቀምጦ ኮምፓይለሩ ከተነገረው ይበቃል። የፕሮፐርቲስ ፋይል (የስክሪን መልእክቶች ከኮዱ ውጭ የሚጻፉበት) ግን ሌላ ነው። ጃቫ 8 የመልእክት ፋይሎችን የሚያነበው በላቲን-1 ስለሆነ አማርኛው በባክስላሽ «ዩ» ኮድ መጻፍ አለበት፤ የኢክሊፕስ ማረሚያ ይህን ራሱ ያደርጋል። ከጃቫ 9 ጀምሮ ነው በዩቲኤፍ-8 የሚነበበው። ፕሮግራመሩ ጃቫ 17 ይዞ ፋይሉን በንጹህ አማርኛ ከጻፈ እሱ ጋ ያምራል፤ ጃቫ 8 ያለበት ቅርንጫፍ ጋ ይበላሻል። በኮድ የተጻፈው ግን በሁለቱም ይሠራል፤ ቅርንጫፎቹ እስኪሻሻሉ በዚያው ተይዟል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ማኅበሩ ስክሪኑ በሲዳሙ አፎም እንዲሆን ጠየቀ። የአዝራሮቹ ጽሑፍ ከኮዱ ወጥቶ ወደ መልእክት ፋይል እየተዛወረ ነው፤ አማርኛው ያለ ቋንቋ ምልክት መሠረቱ ፋይል ላይ ተቀመጠ፣ ሲዳሙ አፎው ደግሞ «ኤስአይዲ» የሚል ቅጥያ ባለው ፋይል። ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የኢንኮዲንግ ጣጣ የለበትም። ጃቫ አንድ ቃል የ«ኤስአይዲ»ው ፋይል ውስጥ ሲያጣ ወደ መሠረቱ ስለሚመለስ ያልተተረጎሙት አዝራሮች ለጊዜው በአማርኛ ይታያሉ። ለዚህ ሁሉ የተጨመረ ፎልደር የለም፤ «ሪሶርስስ» ውስጥ አንድ ፋይል ብቻ ገባ።